60፣ 63 ተኩል ወይስ 65? የቦክስ ሚዛን አመራረጥ ለሀዋሳ ልጆች

ሀዋሳ ውስጥ ቡጢ ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ትንሽ ከቆያችሁ ይህን ክርክር መስማታችሁ አይቀርም። አንዱ «እኔ ላይት ዌይት ነኝ» ይላል። ጓደኛው «ኧረ ባክህ! ላይት ወልተር ነህ» ብሎ ይስቅበታል። ልጁ 62 ኪሎ ተኩል ይመዝናል እንበል። በአንደኛው ደንብ ላይት ዌይት ነው። በሌላው ላይት ወልተር ነው። በሦስተኛው ደግሞ ሁለት ምድቦች መሀል ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ስም ላይ መከራከር ለጨዋታ ጥሩ ነው። ምዝገባ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው ቁጥር ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ልጅ ወይ ሚዛን ላይ ይወድቃል፣ ወይ ሚዛኑን አልፎ ሪንግ ውስጥ እግሩ ይከዳዋል። ስለዚህ ይህን 62 ኪሎ ተኩል ልጅ ይዘን ምርጫዎቹን እናነጻጽር። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ አማተር ከሆነና የሚጥለው ትርፍ ስብ ከሌለው፣ ወደ ታች ለመውረድ ከሚሰቃይ ወደ ላይ ቢወጣ ይሻለዋል።

ላይት ዌይት ስንት ኪሎ ነው?

በማን ደንብ እንደምትጫወቱ ካልታወቀ መልስ የለውም።

በፕሮፌሽናል ቦክስ የላይት ዌይት ጣሪያ 135 ፓውንድ ነው። በኪሎ 61.2 ማለት ነው። ከሱ በታች ያለው ሱፐር ፌዘር 130 ፓውንድ ላይ ያበቃል፣ 59 ኪሎ መሆኑ ነው። ከሱ በላይ ያለው ሱፐር ላይት ደግሞ 140 ፓውንድ፣ 63.5 ኪሎ ላይ ያበቃል። ምድብ ማለት ጣሪያ ማለት ነው፤ ከ59 ያለፈና 61.2ን ያላለፈ ሁሉ ላይት ዌይት ይባላል። ፕሮፌሽናሉ ዓለም ሲሠራበት የኖረው በ17 ምድቦች ነው። የፕሮፌሽናል ቦክስ ቀበቶ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ ደብሊው ቢ ሲ በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብሪጀር ዌይት የሚባል አዲስ ምድብ ጨምሯል፤ እሱ ግን መቶ ኪሎ አካባቢ ላሉ ግዙፎች ስለሆነ ለኛ ልጅ ምኑም አይደለም።

አማተሩ ጋ ነገሩ ይደበላለቃል። ሪዮ 2016 ላይ የወንዶች ላይት ዌይት 60 ኪሎ ነበር። ቶኪዮ ላይ ያው ስም 63 ኪሎ ሆነ። ወልተር ዌይትም እንደዚሁ ነው። ኬንያዊው ሮበርት ዋንጊላ በ1988 ሴኡል ላይ ወርቅ ሲወስድ ወልተር 67 ኪሎ ነበር፤ በኋላ 69 ገባ። ስለዚህ የድሮ ውጤት ስታነቡ ስሙን ብቻ አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ እኔን ያክላል» እንዳትሉ።

ፓሪስ 2024 ላይ ደግሞ ለወንዶች የነበሩት ሰባት ምድቦች ብቻ ናቸው፦ 51፣ 57፣ 63.5፣ 71፣ 80፣ 92 እና ከ92 በላይ። ክፍተቱን አያችሁት? ከ57 ቀጥሎ 63.5 ነው። ዕድሜ ልኩን 60 ላይ ሲዋጋ የኖረ ሰው ወይ ሦስት ኪሎ መጣል ነበረበት፣ ወይ 63.5 ከሞሉት ጋር መግጠም።

አሁን በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የአማተር ሠንጠረዦች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው የነባሩ የዓለም አቀፍ ቦክስ ማኅበር፣ የአይ ቢ ኤ ነው። በሱ 57 ፌዘር፣ 60 ላይት፣ 63.5 ላይት ወልተር፣ 67 ወልተር ነው። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2023 ለአይ ቢ ኤ የሰጠውን ዕውቅና አንስቷል። ሁለተኛው ወርልድ ቦክሲንግ የሚባለው አዲሱ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፤ በ2025 ከኦሎምፒክ ኮሚቴው ጊዜያዊ ዕውቅና ያገኘው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ ያዋለው የወንዶች ሠንጠረዥ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ከ50 ጀምሮ በአምስት አምስት ኪሎ ይወጣል፦ 50፣ 55፣ 60፣ 65፣ 70 እያለ እስከ 90፣ ከዚያ ከ90 በላይ።

እንግዲህ ልጃችንን ሦስቱ ላይ እናስቀምጠው። በአይ ቢ ኤ ከሆነ ጣጣ የለውም፤ 63.5 ውስጥ አንድ ኪሎ ተርፎት ይገባል። ይህ ዕድል ያጋጠመው ልጅ ሌላ ነገር ማሰብ የለበትም፣ በሰላም ልምምዱን ይቀጥል። በወርልድ ቦክሲንግ ከሆነ ወይ ሁለት ኪሎ ተኩል ጥሎ 60 ይገባል፣ ወይ ሁለት ኪሎ ተኩል ጎድሎት 65 ይገባል። ልክ እኩል መሀል ላይ ነው፤ ራስ ምታቱ እዚህ ነው። በፕሮፌሽናል ከሆነ 61.2 ወይም 63.5 አለለት። እሱ የራሱ ጠባይ ስላለው ለብቻው እንመጣበታለን።

አሰልጣኞቻችን አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ትተው «60 ነው፣ 57 ነው» ይላሉ። ጎሽ ነው፣ እንደዛው ይቀጥል።

ከምርጫው በፊት፦ ትክክለኛ ኪሎህ ስንት ነው?

ፒያሳ ወይም መናኸሪያ አካባቢ ትንሽዬ ሚዛን መንገድ ዳር አስቀምጠው «ኪሎ ኪሎ» የሚሉ ልጆች ታውቃላችሁ። ሥራቸውን እወድላቸዋለሁ። የቦክስ ምድብ ግን በነሱ ሚዛን አይመረጥም። ሚዛኑ የተቀመጠው ድንጋዩ ወጣ ገባ ያለ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። የወጣህበት ጫማህን እንዳደረግህ ነው፣ ኪስህ ውስጥ ስልክና ቁልፍ አለ፣ ምሳ በልተሃል። አንዱ ጋ 64 ይልሃል፣ መንገድ ተሻግረህ ሌላው ጋ 62.8 ይልሃል። በዚህ ቁጥር «65 እገባለሁ» ወይም «60 ቅርብ ነው» ብሎ መወሰን ቁማር ነው።

ደህናው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ዲጂታል ሚዛን ምረጥ፤ የጂሙ ይሁን የፋርማሲ ለውጥ የለውም፣ ዋናው ሁልጊዜ ያው አንድ ሚዛን መሆኑ ነው። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ይዋሻል። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስተህ፣ ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ምንም ሳትበላና ሳትጠጣ፣ በቁምጣ ብቻ ውጣበት። ይህን ሁለት ሳምንት አድርግ፣ በየቀኑ ጻፍ፣ ከዚያ አማካዩን ያዝ። ልምምዱ በደንብ እየተሠራ፣ ምግብም እንደ ወትሮው እየተበላ መሆን አለበት። ፋሲካ ማግስት ወይም ከጉንፋን የተነሳህ ሰሞን የለካኸው ኪሎ ያንተ አይደለም።

ከልምምድ በኋላ ተመዝኖ የሚደሰት ልጅ ሞልቷል። ሐይቁን ዳር ዳሩን ሮጦ፣ ታቦር ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ 61.3 ያያል። «ወረድኩ!» ይላል። ወዳጄ፣ የወረደው ላብ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ቤት ገብተህ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጣ ግማሽ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላህም ሰውነትህ ውሃ ይዞ ስለሚያድር ጠዋት ከፍ ብለህ ትገኛለህ። ይሄም ውፍረት አይደለም። አንዱንም ቀን ብቻውን አትመን፣ ሁለቱን ሳምንት እመን።

ወደ 60 መውረድ

ሁለት ኪሎ ተኩል ከ62 ኪሎ ተኩል ላይ 4 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ልጆቹም «ሁለት ኪሎ ምን አላት!» ይላሉ። ነገሩ የሚወሰነው ሁለቱ ኪሎ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ከስብ የሚመጣ ከሆነ ጥሩ። ሆዱ ላይ ትንሽ የያዘ፣ አጠር ያለ፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ልጅ 60 ውስጥ በደህና ሊኖር ይችላል። ጊዜ ግን ይፈልጋል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብለን ብንይዝ አምስት ሳምንት ነው። ስኳሩን፣ ለስላሳውንና ዘይት የጠጣውን ነገር መቀነስ በቂ ነው፤ መራብ አያስፈልግም። ሀዋሳ ላይ ዕድለኞች ነን፣ ዓሣ አለን። አሞራ ገደል ሄዶ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ቆሮሶ ከነቆዳው መጨረስ ግን አንድ ነገር ነው፣ ጉላሹን ወይም ሾርባውን መብላት ሌላ። ያው ዓሣ ነው፣ ዘይቱ ነው ልዩነቱ። (ጥብሱ እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ። ውድድሩ ካለፈ በኋላ አለ።)

ከውሃ የሚመጣ ከሆነ ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ስቲም ውስጥ መቀመጥ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አለመቅመስ፣ ምራቅ መትፋት፤ ሁሉም ይታወቃል፣ ብዙ ልጅም ያደርገዋል። ሰውነት ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ ጉልበቱ መውረድ ይጀምራል። ለልጃችን 2 በመቶ ማለት አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። 60 ለመግባት የሱን እጥፍ መጣል አለበት።

አማተር ቦክስ ላይ ደግሞ ይህን ውሃ ለመመለስ ጊዜ የለም። ሚዛን የሚወጣው በውድድሩ ቀን ጠዋት ነው፤ ያንኑ ቀን ሪንግ ውስጥ ትገባለህ። ካሸነፍክ ደግሞ በሚቀጥለው ግጥሚያህ ቀን ጠዋት እንደገና ሚዛን ላይ ትወጣለህ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ጊዜ 60.0 መምታት ይቻል ይሆናል። ሳምንት በሚቆይ ውድድር ግን ሦስት አራት ጊዜ መምታት ሊጠበቅብህ ነው፤ ያውም በመሀል እየተደበደብክ፣ እየደማህ፣ ትንሽ በልተህ ትንሽ ጠጥተህ። መጀመሪያው ቀን አንበሳ የነበረው ልጅ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ገና በሁለተኛው ዙር እጁን ማንሳት የሚያቅተው በዚህ ነው። ሰው «ልምምድ አንሶት ነው» ይላል። ልምምድ አላነሰውም፣ ውሃ ነው ያነሰው።

ለሕይወትም አስጊ ነው። በ1997 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ኪሎ ለማውረድ ሲሉ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ወጣት፣ ጤነኛ፣ የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ። ላብ ለማውጣት ወፍራም ልብስ ደራርበው፣ ሙቀት ውስጥ ሆነው፣ ውሃ ከልክለው ነበር የሚሠሩት። የትግሉ ደንብ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። የቀትር ፀሐይ ላይ ጃኬት ደራርቦ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ ልጅ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ወደ 65 መውጣት

ልጆቹ የሚፈሩት ይህን ነው። «ከ68 ወርደው የሚመጡ አሉ፣ ይጨፈልቁኛል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጎደለህ ሁለት ኪሎ ተኩል ሊታወቅ ይችላል፤ በተለይ ተጣብቆ መግፋት በሚወድ ተጋጣሚ ላይ።

ግን እስቲ ሌላውንም ጎን እዩት። ከ68 ወርዶ የመጣው ሰውዬ ሦስት ኪሎ ጥሎ ነው የመጣው፤ እሱም ያንኑ ቀን ነው የተመዘነው። አንተ ጠዋት ገንፎህን በልተህ፣ ውሃህን ጠጥተህ፣ እየሳቅህ ሚዛን ላይ ትወጣለህ። እሱ ከንፈሩ ደርቆ በተራው ይጠብቃል። የአማተር ግጥሚያ ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። በመጀመሪያው ዙር ክብደቱ ይሰማሃል። በሦስተኛው ዙር የሚሰማው ያንተ ሳንባ ነው።

65ን የመምረጥ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሪንግ ውስጥ አይደለም፣ ልምምድ ውስጥ ነው። ኪሎ ሲያወርድ የሚከርም ልጅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ሐሳቡ ሁሉ ሚዛን ላይ ነው። ፓድ ይመታል፣ ጭንቅላቱ ግን ምሳ ላይ ነው። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ሲባል ይደክመዋል። ኪሎው የማያስጨንቀው ልጅ ያንን ጊዜ ጃቡን ለማስተካከል፣ እግሩን ለማፍጠን ያውለዋል። በዓመት ሁለት ሦስት ውድድር ብታስቡት፣ አንዱ ለወራት ቡጢ ሲማር ሌላው ለወራት ጾም ሲማር ይከርማል።

65 የመረጠ ልጅ በዚያው 62.5 ላይ ይቅር ማለት አይደለም። በጥቂት ወራት ወደ 64 መጠጋት ይችላል፤ ግን በጡንቻ። እዚህ ላይ የሀዋሳ ገበታ ነገር ይነሳል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ ይሞላል። ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ቡርሳሜ ደግሞ ቆጮና ቅቤ ነው፤ ለፊቼ ጨምበላላ አይቀርበትም፣ ግን እሱ ብቻ ሲበላ የሚጨመረው ጡንቻ ሳይሆን ሌላ ነው። ቆጮውን በዓሣ፣ በሥጋ፣ በአይብ፣ በባቄላ አጅቡት። ጾመኛ ከሆንክ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር አለልህ፤ ዓሣው ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ።

65 ይከብደኝ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ልጅ መሞከሪያው እዚያው ጂም ውስጥ ነው። 66፣ 67 የሚመዝን፣ ልምዱ ካንተ ጋር የሚቀራረብ ጓደኛ ፈልግ። አሰልጣኝህ ባለበት ሦስት ሙሉ ዙር ስፓሪንግ ሥራ። ሌላ ቀን ድገመው። ሲመታህ ቦታህን ትለቃለህ ወይስ ትቆማለህ? ክሊንች ውስጥ፣ ማለትም ተቃቅፋችሁ ስትያያዙ፣ ሲገፋህ ገመዱ ላይ ትቀራለህ ወይስ ዞረህ ትወጣለህ? ከቆምክና ከዞርክ 65 ያንተ ነው። ሁልጊዜ ገመድ ላይ የምትቀር ከሆነ ወይ ትንሽ ጠንክር፣ ወይ አምስት ሳምንት ይዘህ በሥርዓት 60 ግባ።

ቁመትም ይታይ። ረጅምና ቀጭን ልጅ 62.5 ላይ የሚጥለው ስብ የለውም፤ እሱን 60 አስገባ ማለት ጡንቻውን ቁረጥ ማለት ነው። «ረጅም ስለሆንክ ታች ብትወርድ በእጅህ ርዝመት ትበልጣቸዋለህ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። እጁ ይረዝማል፣ አዎ። የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከሌለ ግን ርዝመቱ ምን ይሠራል?

ፕሮፌሽናል ለመሆን የሚያስብ

እዚህ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ሚዛን የሚወጣው በዋዜማው ነው። አንድ ቀን ያህል መብያና መጠጫ ጊዜ አለ። ስለዚህ ፕሮፌሽናሎቹ አማተር ከነበሩበት ኪሎ እኩል ወይም ዝቅ ብለው ሲዋጉ ታያላችሁ። ብራዚላዊው ሮብሶን ኮንሴይሳው ሪዮ ላይ በ60 ኪሎ ወርቅ ወሰደ፤ በ2024 የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ያገኘው ግን በ59 ኪሎው ሱፐር ፌዘር ነው። ስለዚህ ልጃችን ፕሮፌሽናል ቢሆን 61.2 ለሱ የማይሆን ነገር አይደለም። አንድ ኪሎ ከ300 ግራም ነው የሚጥለው፣ ሌሊቱን ይመልሰዋል።

ይህን ዕድል ሰው እንዳይበዘብዘው ሌላው የፕሮፌሽናል ድርጅት አይ ቢ ኤፍ ለሻምፒዮና ግጥሚያ በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ሚዛን ለዓመታት ሲያስወጣ ቆይቷል፤ በዚያ ደንብ ከምድቡ ጣሪያ ከ10 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 ኪሎ በላይ ተመልሶ መገኘት አይቻልም።

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩዋቸው ታላላቆችም ከሚዛን ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ማኒ ፓኪያዎ በ1999 የፍላይ ዌይት ቀበቶውን ያጣው ገና ሪንግ ሳይገባ ነው፤ 112 ፓውንድ መግባት አቅቶት ሚዛን ላይ ተነጠቀ፣ በማግስቱም ተሸነፈ። ከዚያ ምን አደረገ? እንደገና ልጨመቅ አላለም። ወደ 122 ፓውንድ ዘለለ፣ በ2001 እዚያ ሻምፒዮን ሆነ፣ በመጨረሻም በስምንት ምድቦች ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው ሰው ሆኖ ቀረ። ራያን ጋርሲያ ደግሞ በ2024 ከዴቪን ሄኒ ጋር ሲገጥም ከ140 ፓውንድ በ3.2 ፓውንድ አልፎ ተገኘ። ሪንጉ ላይ አሸነፈ ተባለ፣ ቀበቶውን ግን ከመጀመሪያውም ማግኘት አይችልም ነበር።

ወደ ላይ መውጣትም ወሰን አለው። ቫሲል ሎማቼንኮ በኦሎምፒክ ቤጂንግ ላይ በ57፣ ለንደን ላይ በ60 ኪሎ ወርቅ ወስዷል። ፕሮፌሽናል ሆኖ በ126፣ በ130፣ በ135 ፓውንድ ሻምፒዮን ሆነ። ደረጃ በደረጃ ነው የወጣው። 135 ላይ ግን በ2020 ከሱ የገዘፈውን ቴዎፊሞ ሎፔዝን አገኘና ተሸነፈ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ አንድ ምድብ ከፍ ማለት የሚያስፈራ አለመሆኑንና ጣሪያው የት እንደሆነ የሚታወቀው ሲደረስበት ብቻ መሆኑን ነው።

ፕሮፌሽናል ላይ ሌላም መላ አለ፣ ካች ዌይት የሚባል። ሁለቱ ወገኖች ከምድቡ ጣሪያ ውጭ በሌላ ቁጥር ይስማማሉ። ፍሎይድ ሜይዌዘርና ካኔሎ አልቫሬዝ በ2013 የገጠሙት በ152 ፓውንድ ነው፤ የምድቡ ጣሪያ 154 ሆኖ ሳለ። አብዛኛውን ጊዜ ጠቀሜታው ስሙ ለገነነው ነው፤ ሁለት ፓውንድ የሚያስወርደው እሱ ነውና። የሰፈር አማተር ውድድር ላይ ግን ካች ዌይት የሚባል ነገር አትጠብቁ። ሠንጠረዡ ያለው ነው ያለው።

ለሴቶች

ለእህቶቻችን ምርጫው ይቀላል፤ ምክንያቱ ደግሞ ምድቦቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። በወርልድ ቦክሲንግ ከ48 እስከ 60 በሦስት ሦስት ኪሎ ነው የሚሄደው፦ 48፣ 51፣ 54፣ 57፣ 60። ከዚያ በኋላ ነው 65 የሚለው። 58 የምትመዝን ልጅ 60 ብትገባ የሚጎድላት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፣ 57 ብትገባ የምትጥለው አንድ ኪሎ። እኔ ብሆን 60 እላታለሁ። የሴቶች ላይት ዌይት ደግሞ ቶኪዮም ፓሪስም ላይ 60 ኪሎ ሆኖ ቆይቷል፤ አየርላንዳዊቷ ኬሊ ሃሪንግተን ሁለቱንም ወርቅ የወሰደችው በሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የወር አበባ በሚመጣበት ሰሞን ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ኪሎ ከፍ ሊል ይችላል። ውድድሩ በዚያ ሳምንት ላይ ከወደቀ 57ን በጠርዝ የምትመታ ልጅ ትቸገራለች። ይህን ለአሰልጣኝ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ አሰልጣኙም መጠየቅ አለበት።

ከ19 ዓመት በታች

አጭር ነው፦ ኪሎ አይወረድም። 17 እና 18 ዓመት ወጣት በሚባለው ክፍል ነው የሚጫወተው፣ ከ19 ጀምሮ ነው ከአዋቂ የሚገባው። እያደገ ያለ ልጅ ባለፈው ውድድር 57 ስለነበር ዘንድሮም 57 ይሁን ማለት አጥንቱን አትደግ እንደማለት ነው። ጠዋት ሚዛኑ ያለውን ቁጥር ተቀብላችሁ፣ ከሱ በላይ ያለው ምድብ ውስጥ አስገቡት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ውድድር ደርሷል ብሎ ውሃ ከከለከለ ዝም አትበሉ።

ሚዛኑ ካለፈ በኋላ

የትኛውንም ብትመርጡ ከሚዛን እስከ ሪንግ ያለው ጊዜ በከንቱ አይለፍ። ትንሽም ቢሆን ውሃ የጎደለው ልጅ ከፋርማሲ የሚገኘውን ለምለም የተባለ የጨውና የስኳር ዱቄት (ኦ አር ኤስ) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣ። በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ሆድን ይነፋል። በሶ በማር ጥሩ ነው፣ ሙዝም። ክትፎ፣ ጥብስና ድርብ እንጀራ ግን ይቆዩ፤ ሆድ ውስጥ ተቀምጠው ነው ግጥሚያው የሚደርሰው። ከሚዛኑ በፊት ባለው ቀንም እንጀራ ቀንሶ ሩዝ ወይም ፓስታ መብላት ይረዳል፤ አንጀት ውስጥ የሚቀረው ስለሚያንስ ያለ ምንም ስቃይ ጥቂት መቶ ግራም ይቀልላል። 60.2 ላይ ለቆመ ልጅ ይህ ብቻ ሊበቃው ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ፈተና አለ። ምዝገባ ላይ «60 ውስጥ አስር ሰው አለ፣ 65 ውስጥ ግን ሦስት ብቻ ነው» የሚል ወሬ ይመጣል። ወይም ተቃራኒው። ልጁ ወዲያው ሐሳቡን ይቀይራል። ባዶ ወደሆነው ምድብ መሄድ ነውር የለውም፤ ሜዳሊያውም ሜዳሊያ ነው። ግን ወደ ላይ ከሆነ ብቻ፣ ያውም አንድ ምድብ። ወደ ታች ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀ አምስት ሳምንት ነበር ወይ? ካልነበረ ወሬውን ተዉት። ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የማን ሠንጠረዥ ነው የሚሠራበት፣ ሚዛኑ አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየግጥሚያው ቀን? ከተቻለ ውድድሩ የሚካሄድበትን ሚዛን አስቀድማችሁ ውጡበት፤ የጂማችሁ 62.5 እዚያ 62.9 ሊሆን ይችላል።

መልሱ «63.5 አለ» ከሆነ፣ እላይ ያለውን ሁሉ ረስታችሁ እዚያ ግቡ።